አዲስ የጨው ውሃ ታንክ፣ ላይቭ ሮክ ገብቷል፣ አሞኒያው አልወርድ አለ፤ ውሃ ልቀይር ወይስ ልተወው?

አዲስ_ሪፍ፦

ሰላም ቤተሰብ። ፍሬሽዋተር (ጨው አልባ ውሃ) ታንክ ለረጅም ጊዜ ይዤ ቆይቻለሁ፣ የጨው ውሃ ግን ገና አሁን ነው የጀመርኩት፣ ሳይክል (ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዛ ወደ ናይትሬት የሚቀይርበት ሂደት) ምን እንደሆነ አውቃለሁ ግን ላይቭ ሮክ (ከነሕይወቱ ከባሕር የመጣ ድንጋይ) ሲገባበት ነገሩ ለየት አለብኝና እስኪ እናንተ የምታውቁት ንገሩኝ።

ታንኩ 200 ሊትር ነው፣ 25 ኪሎ የሚጠጋ ላይቭ ሮክ አለው፣ ድንጋዩ የመጣው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሳይሆን በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው፣ መንገድ ላይ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ይመስለኛል። ውሃው አርኦ ዲአይ (በማጣሪያ የጠራ ውሃ) ነው፣ ጨዉ በሪፍራክቶሜትር (የጨው መለኪያ) 1.025፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ፣ ሁለት ፓወርሄድ (ውሃ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ) ይሰራሉ፣ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ) አለ፣ መብራቱን እስካሁን አላበራሁም። አሸዋ ስስ አድርጌ ከድንጋዩ በኋላ ነው የጨመርኩት።

አሁን ላይ አሞኒያው 1 እና 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) መሃል ነው፣ ለሁለቱ ቀለም መሃል ላይ ስለሆነ በትክክል መለየት ያስቸግራል። ናይትራይት መታየት ጀምሯል፣ ናይትሬት 20 አካባቢ ያሳያል። ክዳኑን ስከፍተው ደስ የማይል የበሰበሰ ነገር ይሸታል፣ ድንጋዩ ላይ አንዳንድ ቦታ ግራጫ ዝልግልግ ነገር አለ፣ ሲመጣ ሐምራዊ የነበረውም ክፍል በየቦታው እየነጣ ነው። ማታ በባትሪ ሳየው ደግሞ ብዙ እግር ያለው የሚመስል ቀላ ያለ ትል ከቀዳዳ ወጥቶ ተመልሶ ገባ፣ አንድ ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የሚመስል፣ ረጃጅም ጸጉር ያለው አበባ የመሰለ ነገርም አለ፣ ልነካው ስል ቱር ብሎ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ።

ምክር ጠይቄ የተለያየ ነገር ነው የተነገረኝ። አንዱ ውሃውን እንዳትነካው፣ ከቀየርክ ሳይክሉ ይቋረጣል አለኝ። ሌላው ጥሬ ሽሪምፕ ጣልበትና ይበስብስ አለ። ሌላ ደግሞ የባክቴሪያ ጠርሙስ ካልጨመርክ ወራት ትጠብቃለህ ይላል። ሦስቱም ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ድንጋዩ ላይ ያለውን ነገር ማጣት አልፈልግም፣ ላይቭ ሮክ የመረጥኩት ለሱ ብዬ ነው። ምን ላድርግ?


ጨዋማ_35፦

ወንድሜ አይዞህ፣ ታንክህ ጤነኛ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ነገር ግን እየሞተብህ ነው፣ ቶሎ ማትረፍ ያለብህ እሱን ነው። ውሃ ቀይር። ዛሬውኑ ባይሆን ነገ፣ እና በትንሹ አይደለም፣ ግማሹን።

ምክሩ የተምታታው የሁለት ዓይነት አጀማመር ምክር አንድ ላይ ስለመጣብህ ነው። በደረቅ ድንጋይ የሚጀምር ሰው ታንኩ ውስጥ ባክቴሪያም የለም አሞኒያም የለም፣ ስለዚህ አሞኒያ ከውጭ ይጨምራል፣ ሽሪምፕም ይሁን አሞኒየም ክሎራይድ ወይ የዓሳ ምግብ፣ ባክቴሪያውንም ከሆነ ቦታ ማምጣት አለበት፣ ከዛ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ አሞኒያው 2 ይሁን 3 የሚጎዳው ነገር ስለሌለ ውሃ መቀየር አያስፈልገውም። ለሱ ምክሩ ትክክል ነው። አንተ ጋር ግን ባክቴሪያው ከድንጋዩ ጋር መጥቷል፣ አሞኒያውንም የሚያመርተው መንገድ ላይ የሞተው ስፖንጅ (ድንጋይ ላይ የሚኖር የባሕር እንስሳ) እና ትል ነው፣ ድንጋዩ ራሱ ሁለቱንም ይዞ ስለመጣ ሽሪምፕ መጨመር በሚበሰብስ ነገር ላይ ሌላ የሚበሰብስ ነገር መጨመር ነው፣ ምንም አይጠቅምህም።

አሁን ያ የምትሸተው ሽታ ዋናው ምልክት ነው። ላይቭ ሮክ ጤነኛ ሲሆን የባሕር ዳርቻ ዓይነት ሽታ ነው ያለው፣ የበሰበሰ ከሸተተ የሆነ ቦታ እየሞተ ያለ ነገር አለ ማለት ነው። እየሞተ ያለው አሞኒያ ይለቃል፣ አሞኒያው ሲጨምር ከጉዞው የተረፈው ስፖንጅ፣ ኮራላይን (ሐምራዊው የድንጋይ አልጌ)፣ ትንንሽ ክሩስታሲያን (የሽሪምፕ ዘመዶች) ምናምን እሱም ይሞታል፣ እሱም ሲሞት ሌላ አሞኒያ ይለቃል፣ እንደዚህ እያለ ይቀጥላል። ይሄን ሰንሰለት የምትቆርጠው በውሃ ቅየራ ነው።

ሳይክሉ ይቋረጣል የሚለውን እርሳው። ናይትሪፋይ የሚያደርጉት (አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት) ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው የሚኖሩ አይደሉም፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ መስታወቱ፣ ቱቦው ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። ውሃውን ስትደፋ እነሱ እዛው ናቸው። ደግሞ ውሃውን ግማሽ ብትቀይረው አሞኒያው ከ2 ወደ 1 ነው የሚወርደው፣ ዜሮ አይሆንም፣ የሚበሉት አያጡም። በተቃራኒው አሞኒያ በጣም ሲበዛ ራሳቸው ባክቴሪያዎቹም ይታፈናሉ፣ በተለይ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት።

ሌላው ለምን ብዙ መቀየር እንዳለብህ፦ ቴስት ኪቱ የሚነግርህ ጠቅላላውን አሞኒያ ነው፣ መርዛማው ግን ከሱ ውስጥ ነጻው አሞኒያ የሚባለው ትንሹ ክፍል ነው። በጨው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8.1 አካባቢ ላይ ከጠቅላላው ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነው፣ ግን ፒኤች በ0.3 ከፍ ባለ ቁጥር ያ ድርሻ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፍሬሽዋተር ላይ ፒኤች 7 ሆኖ ብዙም ያላስጨነቀህ 1 ፒፒኤም እዚህ ሌላ ነገር ነው። ከፍሬሽዋተር የመጣ ሰው መጀመሪያ ማስተካከል ያለበት ይሄን ነው ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 100 ሊትር ውሃ ለብቻው አዘጋጅ፣ ለሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም ጨው እንደ ጨዉ ዓይነት፣ ፓወርሄድና ሂተር አድርገህበት ሌሊቱን ይዙር፣ ጨዉና ሙቀቱ ከታንኩ ጋር እኩል ሲሆን ነው የምታስገባው። በምንም ምክንያት ጨው ቀጥታ ታንኩ ውስጥ እንዳትጨምር፣ ያልሟሟ ጨው ያረፈበት ሕያው ነገር ይቃጠላል። ከዛ ታንኩን ስታጎድል በቱቦ እየሳብክ ድንጋዩ ስር የተጠራቀመውን ቡናማ ዝቃጭ አውጣው፣ ግራጫ የሆኑትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ከታንኩ በወጣው የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርገህ በጥርስ ብሩሽ የላላውን ብቻ አንሳው፣ በእጅ ነክተኸው የሚፈርስ፣ የሚሸት፣ ነጭ ሽፋን ያለው ስፖንጅ ከሆነ ፍቀው፣ ጠንካራውን ግን ተወው። የቧንቧ ውሃ እንዳታስነካው፣ ክሎሪኑም ጨው አልባነቱም ድንጋዩ ላይ ያለውን ይገድላል።

ፓወርሄዶቹን ድንጋዩ ጀርባ የሞተ ቦታ እንዳይኖር አድርገህ አዙራቸው። ስኪመሩ ይስራ፣ አሞኒያ ባያወጣም የሚበሰብሰውን ነገር ወደ አሞኒያ ሳይቀየር በፊት ያወጣልሃል፣ ኦክስጅንም ይጨምራል፣ ብስባሹን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅን በጣም ነው የሚጨርሱት።


ኮራላይን፦

ከላይ የተባለው አብዛኛው ልክ ነው፣ እኔ ብሩሹ ላይ ነው ትንሽ የምቃወመው። ሰው ብሩሽ ሲይዝ ማቆም አይችልም፣ ድንጋዩ ነጭ እስኪሆን ይፍቃል፣ ከዛ ላይቭ ሮክ ከገዛ በኋላ በእጁ ደረቅ ድንጋይ ያደርገዋል ማለት ነው። የነጣ ኮራላይን ሁሉ የሞተ አይደለም፣ ከላይ ነጥቶ ከስር በተረፈው በኩል ተመልሶ ይሰራጫል፣ ስለዚህ ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ ነጭ የሆነውን ቦታ ጨርሶ አትንካው። የሚሸተውንና የሚፈርሰውን ብቻ።

ቀዳዳው ውስጥ ያለውንም ለማውጣት አትድከም። ላይቭ ሮክ ዋጋው እኮ ውስጡ ነው። ላይኛው ኦክስጅን የሚያገኘው ክፍል ላይ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይት ወደ ናይትሬት ይቀየራል፣ ጥልቅ ብሎ ኦክስጅን ያጣው ክፍል ላይ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወስደው ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል፣ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። ፍሬሽዋተር ላይ የምታውቀው ስፖንጅ ፊልተር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው የሚሰራልህ፣ ናይትሬቱን በውሃ ቅየራ ወይ በተክል ነው የምታወጣው። ለዚህ ነው ቀዳዳ የበዛበት፣ ሲያነሱት ቀላል የሆነ ድንጋይ ከከባዱና ከድፍኑ የሚሻለው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የሚባል ኢንዶኔዥያዊ ከባሕር በመጣ ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ የባሕር እንስሳት እንዴት እንደሚያኖር የጻፈው ይሄንኑ ነበር፣ በዛ ዘመን ሌላው ሰው ድንጋዩን አምክኖ ነበር የሚያስገባው። እኔ እስከዛሬ ከዚህ የተሻለ ፊልተር አላየሁም።

ናይትራይቱ ላይ ደግሞ ብዙ እንዳትጨነቅ። ፍሬሽዋተር ላይ ናይትራይት ዓሳ ገዳይ ነው፣ በጨው ውሃ ግን ክሎራይዱ በብዛት ስላለ ዓሳው መተንፈሻ (ጊል) ላይ መግቢያውን ይሻማዋል፣ ስለዚህ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። ናይትራይት መለካትህ ጥቅሙ ሳይክሉ የት እንደደረሰ ለማወቅ ነው። እና ናይትራይት እያለ የምታየውን ናይትሬት አትመነው፣ አብዛኛው ኪት ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ቀይሮ ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ያለው ናይትራይት ተደምሮ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ያንን 20 አሁን ዝም ብለህ እለፈው።

አሞኒያውን ስትለካ በቀን ብርሃን፣ ከነጭ ወረቀት ፊት አድርገህ እይ። ሰማያዊ የሪፍ መብራት ስር ቢጫው ሁሉ አረንጓዴ ይመስላል።

የባክቴሪያ ጠርሙስ አያስፈልግህም። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ በደንብ ይሰራል፣ አንተ ጋር ግን ድንጋዩ ላይ ያለው ይበቃል።


ሌሊት_ጠባቂ፦

ስለ እንስሶቹ ማንም ስላልመለሰልህ እኔ ልመልስ፣ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር፣ በጣም አስፈላጊ ስለሆነ። አሞኒያ አልወርድ ሲል ወይ የማይፈለግ እንስሳ ሲያዩ ድንጋዩን አውጥተህ ቀቅለው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙሃል። በፍጹም እንዳታደርገው። ላይቭ ሮክ ላይ ፓሊቶዋ የሚባሉ የዞአንቲድ (የኮራል ዘመድ) ዓይነቶች ሊኖሩ ይችላሉ፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል በጣም ኃይለኛ መርዝ አላቸው፣ ሙቀት በቀላሉ አያጠፋውም፣ ድንጋዩ ሲቀቀል ከእንፋሎቱ ጋር ተነስቶ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይተነፍሰዋል። በዚህ ምክንያት ሙሉ ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ፣ የቤት እንስሳም ይጎዳል። በፈላ ውሃ ማጠብም፣ ሲደርቅ መፋቅም ያው ነው። ስትፍቅ ድንጋዩ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ በጓንትና በመነጽር፣ እጅህ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ሰው ይስራልህ።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ቀላ ያለው ባለ ብዙ እግር ብሪስትል ወርም ነው። ተወው፣ ጓደኛህ ነው፣ በተለይ አሁን እየበሰበሰ ያለውን ነገር አንተ በብሩሽ የማትደርስበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚበላልህ እሱ ነው። በባዶ እጅ ብቻ እንዳትይዘው፣ ጎኑ ላይ ያሉት ነጫጭ ጸጉሮች እንደ መስታወት ብናኝ ቆዳ ውስጥ ይሰበራሉ፣ ከገባብህ በፕላስተር ለጥፈህ ንቀለው።

አበባ የመሰለው አይፕታዚያ (የሚናደፍ የባሕር አኔሞኒ) ይመስላል። እሱ ግን ጓደኛ አይደለም። አሁን አንድ ነው፣ ኋላ ምግብ መግባት ሲጀምር ይባዛል፣ ኮራል አጠገብ ካደገ ይነድፈዋል። ዋናው ነገር እንዳትቆርጠው፣ እንዳትፍቀው፣ ከእግሩ የቀረች ትንሽ ቁራጭ ሌላ ሙሉ አይፕታዚያ ትሆናለች፣ ስለዚህ ከላይ የተባለውን ብሩሽ እሱ ያለበት ድንጋይ ላይ ስትጠቀም ተጠንቀቅ። አንድ ብቻ ከሆነ ካልክዋሰር (የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ዱቄት) በጥቂት ውሃ ወፍራም አድርገህ በጥብጠህ በሲሪንጅ ቀስ ብለህ አፉ ላይ ጣልበት፣ ፓወርሄዱን አጥፍተህ፣ ሳይሰበሰብ እንዲውጠው። ድንጋዩ ትንሽና የሚወጣ ከሆነ ደግሞ አውጥቶ እሱ ያለበትን ቦታ ብቻ በኢፖክሲ (የሚጠነክር ማጣበቂያ) መድፈንም ይሰራል። በኋላ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ማስገባት ትችላለህ ግን ሁሉም ይበላል ማለት አይደለም።

ማታ ማታ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማህ ፒስቶል ሽሪምፕ ወይ ማንቲስ ሽሪምፕ ሊሆን ይችላል። ፒስቶሉ ችግር የለውም። ማንቲሱ ቀንድ አውጣና ዓሳ ስለሚገድል ዓሳ ሳይገባ በፊት የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ለይተህ ያንን ድንጋይ ለብቻው አውጣው፣ ጨዉን 1.035 አካባቢ ያደረግከው ባልዲ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብትነክረው ብዙ ጊዜ ሮጦ ይወጣል። ጸጉራም፣ የጥፍሩ ጫፍ ጥቁር የሆነ ሸርጣን ካየህም አውጣው። ሌላውን ሁሉ ተወው በናትህ። በየሌሊቱ በቀይ ብርሃን እየው፣ ነጭ ብርሃን ሲያዩ ይደበቃሉ፣ ቀይ ግን ብዙዎቹ አያስተውሉትም። መስታወቱ ላይ ነጫጭ ነጥብ የሚመስሉ ሲንቀሳቀሱ ካየህ ኮፔፖድ (ደቃቅ ክሩስታሲያን) ነው፣ እነሱ መብዛት ከጀመሩ ድንጋይህ ተርፏል።


አዲስ_ሪፍ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ የምር እንደዚህ ተብራርቶ አልተነገረኝም ነበር። ውሃውን ግማሽ ቀየርኩ፣ አንዱ ትልቁ ድንጋይ ከስር በኩል ሙሉ የሞተ ጥቁር ስፖንጅ ነበረው፣ ሽታው በሙሉ ከሱ ነበር፣ አነሳሁት። ትንሽ ቆይቼ ድጋሚ ቀየርኩ። አሁን አሞኒያው 0.25 ነው የሚመስለው፣ ሽታው ጠፍቷል፣ ናይትራይቱ ግን የቴስቱ የመጨረሻ ጥቁር ሐምራዊ ቀለም ላይ ነው። አይፕታዚያውን በካልክዋሰር መታሁት፣ እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን ሌላ ሦስት ጥያቄ። አንደኛ ናይትራይቱ ዝም ብሎ ቆሟል፣ ይጠበቃል? ሁለተኛ ፒኤች 7.9 አልካሊኒቲ (የውሃው አሲድ የመቋቋም አቅም) 6.5 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ሆኗል፣ ጨዉ ላይ የተጻፈው ግን 8 ነው፣ ምን በላው? ሦስተኛ አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር መጣ፣ መብራት እንኳን በደንብ ሳይበራ። እና በመጨረሻ ሳይክሉ አለቀ የምለው በምንድን ነው፣ ዜሮ ባየሁ ቀን ነው?


ጨዋማ_35፦

ያ ጥቁሩ ስፖንጅ ነው ዋናው፣ አንድ ትልቅ የሞተ ስፖንጅ ታንኩን ሙሉ ሊበጠብጥ ይችላል፣ ሁሌም ድንጋይ ሲገባ ገልብጦ ስሩን ማየት ነው።

ናይትራይት ይጠበቃል፣ ሁሌም ከአሞኒያው ወደኋላ ነው የሚቀረው። አሞኒያን የሚበሉት፣ ናይትሮሶሞናስና ዘመዶቹ፣ ቁጥራቸውን እጥፍ ለማድረግ ግማሽ ቀንም አንድ ቀንም ሊፈጅባቸው ይችላል፣ ብስባሽ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚባዙት፣ ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ ነጣ ነጣ ቢልም ከነሱ ነው፣ በራሱ ይጠራል። ናይትራይትን የሚበሉት ደግሞ ናይትራይት እስኪመጣ መጠበቅ ስላለባቸው ሁሌም ዘግይተው ነው የሚጀምሩት። ድሮ ናይትሮባክተር ብቻ ነው ይባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የሆቫኔክና የጓደኞቹ ጥናት አኳሪየም ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት የናይትሮስፒራ ዓይነት ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አሳየ፣ ያ ጥናት የፍሬሽዋተር ታንክ ላይ ነበር። ብቻ ለአንተ ቁም ነገሩ፣ የመጨረሻው ቀለም ላይ ያለ ቴስት ቁጥር አይነግርህም፣ 5ም ይሁን 20 ያው ሐምራዊ ነው፣ ስለዚህ የቆመ የሚመስልህ እየወረደም ሊሆን ይችላል። ማወቅ ከፈለግክ ናሙናውን አንድ እጅ ለአራት እጅ አርኦ ውሃ በጥብጠህ ለካና በ5 አባዛው።

አልካሊኒቲውን የበላው ናይትሪፊኬሽኑ ራሱ ነው። አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲቀየር አሲድ ይፈጥራል፣ አልካሊኒቲው ይበላል፣ የአልካሊኒቲ መውረድ ሥራው እየተሠራ ለመሆኑም ምልክት ነው። የሚቀጥለው ውሃ ቅየራ ይመልሰዋል፣ ካልሆነ በሶዲየም ባይካርቦኔት ቀስ እያልክ ወደ 8 አድርሰው፣ በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አትጨምር። ፒኤች 7.9 ለብቻው አያስጨንቅም፣ ቤቱ ከተዘጋና ካርቦንዳይኦክሳይድ ከበዛ ይወርዳል፣ መስኮት ከፍተህ ለካው። ፒኤች ማሳደጊያ ምናምን የሚባል ጠርሙስ አሞኒያ ገና እያለ እንዳትጨምር፣ ከላይ እንዳልኩት ያለችውን አሞኒያ የበለጠ መርዛማ ነው የምታደርጋት።

አለቀ የምትለው ዜሮ ባየህ ቀን አይደለም። ዜሮ ማለት አሁን የሚመረት አሞኒያ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፣ የሞተው ነገር አልቆ። ዓሳ ሲገባ ግን በየቀኑ አሞኒያ ይመረታል። ስለዚህ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ በኋላ ትንሽ አሞኒያ ሰጥተህ ባክቴሪያዎቹን ፈትናቸው፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ሰው 2 ፒፒኤም ይሰጣል፣ አንተ ድንጋይህ ላይ ሕይወት ስላለ 1 ይበቃሃል፣ እሱም ብዙ ነው ካልክ 0.5። ለ200 ሊትር 1 ፒፒኤም ለማድረስ የሚበቃው አሞኒየም ክሎራይድ 0.6 ግራም ገደማ ነው፣ ድንጋዩ የያዘውን ቦታ ስትቀንስ ደግሞ ከዛም ያንሳል፣ ስለዚህ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን። መጀመሪያ በጥቂት ውሃ አሟሟውና ፓወርሄዱ ፊት ቀስ ብለህ አፍስሰው። በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያው ዜሮ ከሆነና ናይትራይቱም ካልቀረ አልቋል። ከ24 ሰዓት በኋላ አሞኒያ ቀርቶ ከተገኘ አላለቀም፣ ጥቂት ቀን ቆይተህ ድገመው።


ኮራላይን፦

ቡናማው ዲያቶም (ደቃቅ አልጌ) ነው። ዛጎላቸው ከሲሊካ ነው የሚሠራው፣ አዲስ አሸዋና አዲስ ድንጋይ ደግሞ ሲሊካ ይለቃል፣ ስለዚህ ሁሉም አዲስ ታንክ ላይ ይመጣል፣ ሲሊካው ሲያልቅ በራሱ ይሄዳል። ከሱ ቀጥሎ አረንጓዴ አልጌ ይመጣል፣ ከዛ ኮራላይኑ ቦታውን ይይዛል። በኬሚካል እንዳትመታው። አርኦ ዲአይህ የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን የሚለካ) ዜሮ መሆኑን ግን እይ፣ ሬዚኑ (የዲአይ ማጣሪያው) ሲያልቅ መጀመሪያ ከሚያመልጡት አንዱ ሲሊካ ነው። የሚተንን ውሃ ስትሞላም በጨው አልባው ነው፣ ጨው አይተንም፣ ብዙ ጀማሪ ታንክ ጨዉ እየከበደ የሚሄደው በዚህ ነው።

ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ እስኪሆን አታሳድድ። ሁለቱም ዜሮ የሆነ ታንክ ላይ ዳይኖፍላጀሌት ሊመጣ ይችላል፣ እሱ ከዲያቶም በጣም የከፋ ነው፣ አረፋ የተንጠለጠለበት ቡናማ ንፍጥ ይመስላል። ናይትሬት 5 ወይ 10 ይኑር፣ ችግር የለውም።

መብራቱን አሁን ቀስ ብለህ ጀምር፣ በቀን 4 ሰዓት፣ በዝቅተኛ ኃይል፣ ኮራላይኑ ብርሃን ይፈልጋል እኮ፣ ሳይክሉ እስኪያልቅ ሙሉ ጨለማ የሚለው ድንጋዩ በጣም እየበሰበሰ ላለበት ጊዜ ነው፣ ያንን አልፈሃል።


አዲስ_ሪፍ፦

ገባኝ። መጀመሪያ የማስገባው ምን ይሁን? ሁለት ክላውንፊሽ፣ ከዛ ማንዳሪን እና አንድ ታንግ ነበር ሐሳቤ።


ሌሊት_ጠባቂ፦

ታንጉን ከሐሳብህ አውጣው፣ 200 ሊትር ለሱ ጠባብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ዓሳ ነው። ማንዳሪኑ በዚህ ዓመት አይሁን፣ የሚበላው ኮፔፖድ ነው፣ ገና መራባት የጀመሩትን ጥቂት ኮፔፖዶች በሳምንት ጨርሶ ራሱም ከስቶ ይሞታል፣ መስታወቱ ላይ ማታ ማታ በብዛት እያየሃቸው ብዙ ወር ሲቆይ ያኔ ተመለስበት። ክላውንፊሾቹ ጥሩ ናቸው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ አንዱ አነስ ያለ ቢሆን ይስማማሉ፣ ከማስገባትህ በፊት ግን ለብቻቸው ኳራንቲን ታንክ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ይቆዩ፣ ኢክ (የዓሳ ነጭ ነጥብ በሽታ) አንዴ ላይቭ ሮክ ያለበት ታንክ ከገባ በመዳብ መድኃኒት ማከም አትችልም፣ መዳብ ድንጋዩ ላይ ያለውን ሁሉ ይገድላል፣ ድንጋዩም ውስጥ ይቀራል።

ከዓሳ በፊት ቀንድ አውጣ አስገባ፣ ዲያቶሙ መጥቷልና የሚበሉት አላቸው። መጀመሪያ አምስት ስድስት ይበቃል፣ አልጌው ከበዛ ትጨምራለህ፣ በአንዴ ብዙ ከገቡ ተርበው ይሞቱና እንደገና አሞኒያ ነው። የጨው ለውጥ በጣም ይጎዳቸዋል፣ ስለዚህ የመጡበትን ውሃ ጨው ለካና ልዩነት ካለው በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግክ አንድ ሰዓት ያህል አላምዳቸው። አሸዋው ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ወይ መስታወቱ ላይ በእግራቸው አስቀምጣቸው፣ አስትሪያ የሚባሉት በጀርባቸው ከወደቁ ራሳቸውን መገልበጥ አይችሉም፣ ጠዋት ጠዋት እየዞርክ የወደቀ ካለ አቅናው።